5 ሴንቲሜትር ትበቃለች?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ኮምቦልቻ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ደሴ ላለ ደንበኛ የእህል ሲሎ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ክብ ነው፤ ዲያሜትሩ 3.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 7 ሜትር። ጎኑ ላይ 20 ሴንቲሜትር የወጣ የማንሆል (የሰው መግቢያ ቀዳዳ) አንገት አለው። ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ከባድ ተሳቢ) ላይ አጋድሜ ልጭነው ነው፤ አንገቱ ወደ ላይ ይሆናል። የሎቤዱ ወለል ከመሬት 95 ሴንቲሜትር ነው ተብያለሁ። ከሲሎው ስር 10 ሴንቲሜትር የሞራሌ እንጨት አነጥፋለሁ። ችግሩ ደንበኛው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ሕንፃ የሚያገናኝ የብረት መሸጋገሪያ ድልድይ አለ፤ 4.50 ተብሎ ተጽፎበታል። የእኔን ስደምረው 4.45 መጣ። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሎቤድ ላይ ነው የጨረሱት። «በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ያልፋል» ብለውኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከድልድዩ ስር መንገዱ ዝቅ ይልና እንደገና ይወጣል። ያልፋል?»

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ማጣትህ ልክ ነው። አሁን ባሰብከው አጫጫን መኪናውን አታስነሳ። እኔ ሰርቬየር ነኝ፤ ረጅምና ሰፊ ጭነት የሚያልፍበትን መንገድ መለካት ከሥራዎቼ አንዱ ነው። የላክልኝን ቁጥር ሳየው በእኔ ግምት ሲሎው ይመታል። ግን አብሽር፣ ሳትቆርጠው የምታሳልፍበት መንገድ አለ።

መጀመሪያ የምትጨነቅበትን ቦታ ላስተካክል። አንተ የተጨነቅከው በ5 ሴንቲሜትሯ ነው። እኔን ያስደነገጠችኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ናት፦ «መንገዱ ዝቅ ይልና እንደገና ይወጣል»። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሎቤድ ረጅም ነው። ከሳቢው የኋላ ጎማዎች እስከ ተሳቢው ጎማዎች ድረስ 9 ሜትር አካባቢ እንበል። ሲሎህ የሚቀመጠው በእነዚህ ጎማዎች መካከል ነው። መንገዱ ሜዳ ከሆነ የሎቤዱ ወለል ከአስፋልቱ ያለው ከፍታ የትም ቦታ እኩል ነው። መንገዱ እንደ ሳህን ጎድጎድ ሲል ግን የፊቱ ጎማ ወዲያ ማዶ ዳገቱ ላይ ይወጣል። የኋላው ጎማ ወዲህ ማዶ ገና ቁልቁለቱ ላይ ነው። መሐል ያለው ጭነት ጉድጓዱ ውስጥ አብሮ አይወርድም። አየር ላይ ይቀራል። ድልድዩ ደግሞ በትክክል ከዚያ ጎድጓዳ በላይ ነው።

በቁጥር እንየው። መንገዱ ከሁለቱም ወገን በ100 ሜትር 4 ሜትር የሚወርድ ነው እንበል፤ ማለትም 4 በመቶ። ይህን ያህል ቁልቁለት በዓይን ብዙም አይታወቅም። ጎድጓዳው ልክ በጎማዎቹ መሐል ሲሆን ከእያንዳንዱ ጎማ 4.5 ሜትር ይርቃል። የ4.5 ሜትር 4 በመቶ 18 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሲሎህ ሜዳ ላይ 4.45 ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ከአስፋልቱ 4.63 ላይ ይሆናል። ድልድዩ በእርግጥ 4.50 ቢሆን እንኳ በ13 ሴንቲሜትር ገባበት ማለት ነው። መንገዱ ስብር ብሎ የታጠፈ ሳይሆን ረጋ ብሎ የሚጎደጉድ ከሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል። የጎድጓዳው ቅስት ራዲየስ 100 ሜትር ቢሆን 10 ሴንቲሜትር፣ 200 ሜትር ቢሆን 5 ሴንቲሜትር ነው የሚነሳው። ያም ሆኖ 5 ሴንቲሜትርህን በልቷታል።

ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግህም። ሲባጎ ይበቃሃል። ሎቤዱ ቆሞ ሳለ ከሳቢው የኋላ ጎማ እስከ ተሳቢው ጎማ ያለውን ርቀት ለካ። ጎማዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ከሆኑ የረድፎቹን መሐል ያዝ። በዚያው ልክ ሲባጎ ቁረጥ። ድልድዩ ስር ሂድና አንድ ልጅ አንዱን ጫፍ፣ ሌላ ልጅ ሌላውን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ይጫኑት፤ በደንብ ይወጠር። ሲባጎው መሐሉ ላይ ከአስፋልቱ ተነስቶ ታየዋለህ። ያ ነው የሎቤዱ እውነተኛ «መሬት»። አሁን ወደ ድልድዩ የምትለካው ከአስፋልቱ ሳይሆን ከሲባጎው ነው።

አንድ ቦታ ለክተህ አትሂድ። ሲሎው 7 ሜትር ነውና ከድልድዩ ስር ከአፉ እስከ ጭራው ያልፋል። ስለዚህ ሲባጎውን መኪናው በሚሄድበት መስመር ግማሽ ግማሽ ሜትር እያስጠጋችሁ፣ ድልድዩ ከሲሎው ፊት ላይ ከሚደርስበት ጀምሮ ጭራው እስኪወጣ ድረስ ለኩ። ከሁሉም ያነሰውን ቁጥር ያዝ። እኔ የምሠራው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ወደ 4.50 እንምጣ። ማን ለካው? መቼ? ከየት እስከ የት? ይህን ካላወቅህ ጽሑፉን እርሳው። ብዙ ቦታ ቁጥሩ የሚጻፈው ድልድዩ ሲሠራ ነው። ከዚያ ግቢው ውስጥ አስፋልት ይደረባል፣ ኮብልስቶን ይነጠፋል ወይ ጠጠር ይደፋል። አንድ ድርብ አስፋልት 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ክፍተቱ ያን ያህል ቀንሷል፤ ቁጥሩን ግን ማንም አልቀየረውም። የባሕር ሰዎችም ይህን ጣጣ በሌላ መልኩ ያውቁታል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በጀልባ መተላለፊያው ላይ ያሉት ቋሚ ድልድዮች በአብዛኛው 65 ጫማ፣ ወደ 19.8 ሜትር፣ ተብለው ነው የተሠሩት። ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው ግን ያን ቁጥር ብቻ ይዞ አይገባም። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ከፍ ይላል፣ ክፍተቱ ይጠብባል። ስለዚህ የዕለቱን የውሃ ልክ ያያል። በእኛ መንገድ ላይ የሚሞላው አስፋልቱ ነው፤ ልዩነቱ ተመልሶ አይጎድልም።

ስትለካ ደግሞ የድልድዩን ዝቅተኛ ነገር ፈልግ። ብረቱ ራሱ ላይሆን ይችላል። ከስሩ የተንጠለጠለ መብራት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ወደ ታች የወጣ ብሎን፣ የማጠናከሪያ ብረት ሊሆን ይችላል። ከመሬት ሆነህ ስታየው ሁሉም አንድ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። መሰላል አምጣና ቅረበው። የፊቱንም የኋላውንም ጠርዝ ለካ፤ ግራውን፣ መሐሉን፣ ቀኙንም ለካ። መንገድ ውሃ እንዲፈስስ ወደ ጎን ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። ዘንበሉ 2.5 በመቶ ከሆነ በ3.5 ሜትር ስፋት ላይ ወደ 9 ሴንቲሜትር ልዩነት ያመጣል። ድልድዩ ቀጥ ያለ ከሆነ መንገዱ ዝቅ ባለበት ዳር በኩል ማለፍ ብቻውን እነዚያን ሴንቲሜትሮች ሊሰጥህ ይችላል። የሕንፃውን ግድግዳ እንዳይነካ ግን ሲሎው 3.20 ስፋት እንዳለው አትርሳ።

በምን ትለካለህ? ድልድዩ ሰው የሚሄድበት ስለሆነ ቀላሉ ነገር ከላይ ቱምቢ መጣል ነው። የቱምቢውን ገመድ ከዝቅተኛው ብረት ታችኛ ጠርዝ ጋር አስተካክለህ ያዝ፣ ቱምቢው ከታች የተወጠረውን ሲባጎ ሊነካ ሲል ምልክት አድርግ፣ ከዚያ የቱምቢውን ገመድ መሬት ላይ ዘርግተህ በሜትር ለካው። የሌዘር መለኪያ ካለህ በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። አንደኛ፣ መሣሪያው ከጀርባው ወይስ ከአፍንጫው ነው የሚቆጥረው? ብዙዎቹ ላይ ይህን የሚቀይር ቁልፍ አለ። ሳይታወቅህ ከአፍንጫው ላይ ሆኖ ከሆነ የመሣሪያውን ቁመት ያህል ትሳሳታለህ፤ እሱም 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ለማረጋገጥ በሜትር የምታውቀውን በር ቀድመህ ለካበት። ሁለተኛ፣ በፀሐይ ቀዩ ነጥብ አይታይም፣ ምኑን እንደመታ አታውቅም። በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ለካ።

አሁን ደግሞ የአንተን ቁጥር ልመርምር። የሎቤዱ ወለል 95 «ተብያለሁ» ነው ያልከው። ምን ተጭኖበት ሳለ? ይህ ሎቤድ የሚውለው ኤክስካቫተር ሲያመላልስ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከ20 ቶን በላይ ሲጫንበት ባሌስትራው ይተኛል፣ ጎማው ይጨመቃል፣ ወለሉ ይወርዳል። ያንተ ሲሎ ትልቅ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። 4 ሚሊሜትር ላሜራ ከሆነ ሦስት ቶን ቢሆን ነው። ሎቤዱ እንደተጫነ እንኳ አይቆጥረውም። ስለዚህ ወለሉ በባዶው ከፍታ ላይ ይቀራል፤ እሱም 95 ሳይሆን 100 ሊሆን ይችላል። ባዶ መኪና ከተጫነ መኪና ይረዝማል። ጭኖ በሰላም ያለፈ መኪና ሲመለስ ባዶውን የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከወረቀት ላይ አትደምር። ሲሎው ከተጫነ፣ በሰንሰለት ከታሰረ፣ ጎማው በልኩ ከተነፋ በኋላ፣ ደልዳላ ወለል ላይ አቁመህ ከመሬት እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ለካ። የክብ ነገር ጫፍ ከታች ሆኖ ስለማይታይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወርክሾፕህ ውስጥ ግንበኞች የሚጠቀሙባት የውሃ ጎማ (ውሃ የተሞላች ግልጽ ቱቦ) ካለች ተጠቀምባት። አንዱ ልጅ ሲሎው ላይ ወጥቶ በቱቦው ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ ከላሜራው ጫፍ ጋር ያስተካክል፣ የቱቦው ሌላ ጫፍ ግድግዳ ላይ ይሁን። ውሃው ሲረጋ ግድግዳው ላይ በውሃው ልክ ምልክት አድርግና ከምልክቱ እስከ መሬት ለካ። ወለሉ ዘንበል ያለ ከሆነ ግን ትሳሳታለህ፤ የመኪናው ጎማ የቆመበትና ግድግዳው ስር ያለው መሬት እኩል መሆኑን በዚያችው የውሃ ጎማ አረጋግጥ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሲሎህ ክብ በመሆኑ ያለምንም ወጪ 20 ሴንቲሜትር ይመለስልሃል።

አንገቱን ወደ ላይ አታድርገው። ወደ ጎንም አታድርገው፣ ስፋቱን ይጨምራል። ሲሎውን አንከባለህ አንገቱ በ45 ዲግሪ፣ በላይና በጎን መሐል እንዲያይ አድርገው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የሲሎው ግማሽ ዲያሜትር 1.60 ነው። የአንገቱ ጫፍ ከመሐል ሲለካ 1.80 ላይ ነው። በ45 ዲግሪ ሲዞር ያ ጫፍ ከመሐል ወደ ላይ 1.27 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ወደ ጎንም 1.27። አንገቱ 50 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከፍ ብሎ የሚታየው ጠርዙ 1.45 ላይ ይደርሳል። ሁሉም ከ1.60 በታች ነው። ማለትም አንገቱ ከሲሎው ቁመትም ከስፋቱም አያልፍም፣ ማዕዘኑ ላይ ተደብቆ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ከፍታው ላይ ያለው ላሜራው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሞራሌው ነው። ሞራሌውን ወለሉ ላይ አግድመህ ሲሎውን ከላዩ ስታስቀምጥ 10 ሴንቲሜትር ሙሉ ትከፍላለህ። በዚያ ፋንታ እንጨቱን በሲሎው ግራና ቀኝ በቁመቱ አድርገህ፣ እንደ ታኮ ሸርሽረህ፣ ሲሎው በሁለቱ መሐል ይቀመጥ። ሆዱ ከወለሉ 3 ሴንቲሜትር ቢነሳ በቂ ነው። 7 ሴንቲሜትር አተረፍክ። አቀማመጡም የተሻለ ነው፤ ክብ ነገር ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በሰንሰለት ብቻ ተይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ማየት አልፈልግም። ታኮዎቹ ከወለሉ ጋር በደንብ ይመቱ፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዙ።

ድምሩ፦ ወለሉ 95፣ ከስሩ 3፣ ሲሎው 320። 4.18 ሜትር። ባዶው ወለል 100 ሆኖ ቢገኝ 4.23። ጎድጓዳው 18 ሴንቲሜትር ቢጨምር 4.36 ወይም 4.41። ድልድዩ በእርግጥ 4.50 ከሆነ ያልፋል፤ ግን ክፍተቱ ከ9 እስከ 14 ሴንቲሜትር ነው። እኔ በገዛ እጄ ሁሉንም ለክቼ እንኳ 15 ሴንቲሜትር ካላየሁ «እለፍ» አልልም። መኪና ይነጥራል፣ ጎማ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ የምንለካበት ሜትርም ይሳሳታል። የሲባጎው ልኬት ጎድጓዳው ረጋ ያለ መሆኑን ካሳየህ 15ቷን በቀላሉ ታገኛለህ። ለዚህ ነው ከምንም በፊት ሲባጎውን ይዘህ ወደ ደሴ ውጣ የምልህ።

ጎማ አስተንፍስ የሚሉህ ይኖራሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ያወርዳል። ግን መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነው። ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ይቻላል፣ ድልድዩ ስር ብቻ፣ በእግር ፍጥነት፣ ኮምፕሬሰር እዚያው ቆሞ። በዚያ ጎማ መንገድ ላይ መውጣት የለም።

ስለ ሹፌሩ። ጋሼ ያሉት ከልምድ ነው፤ ልምዳቸውን አትናቅ። ግን ከታች ሆኖ ወደ ላይ ሲታይ ዓይን ክፍተትን በሴንቲሜትር አይለይም፤ የማንም ዓይን። ጀልባ ላይ ያሉትም ከታች ሲያዩት ምሰሶው ሁልጊዜ ድልድዩን የሚመታ ይመስላቸዋል፣ ሜትሮች ተርፈውት እያለ። «ተሳስተዋል» አትበላቸው። «ጋሼ፣ አብረን እንለካው፣ እኔ እንድረጋጋ» በላቸው። ሲባጎውን ሲያዩ ከአንተ ቀድመው ይገባቸዋል፤ የሎቤድ ሆድ ጉብታ ላይ ሲተኛ ያየ ሰው ጎድጓዳ ላይ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅተውም።

መንገዱን በተመለከተ ባጭሩ። ስፋቱ ከመኪናው ስለሚያልፍ ትራፊክ ፖሊስን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ከፊት አጃቢ መኪና ይሁን፣ በቀን ውጡ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ወደ 600 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፤ በየመጠምዘዣው ጭነቱ ይንቀሳቀሳል። ሐረጎን እንደጨረሳችሁ ቁሙና ሰንሰለቱን አጥብቁ። ግቢው በር ላይ ደግሞ ከፍታውን እንደገና ለኩ፣ ታኮው ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል።

ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እባክህ በደንብ ስማኝ። ድልድዩ ላይ የነገርኩህን ማንኛውንም ዘዴ ሽቦ ላይ እንዳትሞክር። በሜትር አትለካው፣ በአጣና አታንሳው። እርጥብ ባህር ዛፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ጉም ብቻውን እንኳ እንጨት ያርሳል። ባለ 15 ሺህና ባለ 33 ሺህ ቮልት መስመር ሳይነኩትም በቅርበት ይዘላል፤ ሲሎህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ሽቦ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ይረግባል። ጠዋት በብርዱ ከፍ ብሎ ያየኸው ቀትር ላይ ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል። በመንገዱ ላይ ቀድመህ ተጓዝ፣ ዝቅ ያሉትን መዝግብ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አሳውቅ። ማጥፋት ካለበት የሚያጠፋው፣ ማንሳት ካለበት የሚያነሳው የእነሱ ሠራተኛ ነው።

በዕለቱ ድልድዩ ስር ከመግባታችሁ በፊት አንድ አጣና ከመሬት እስከ ሲሎው ጫፍ በለካኸው ከፍታ ላይ 15 ሴንቲሜትር ጨምረህ ቁረጥ። ሲባጎው ተወጥሮ፣ አጣናውን ከሲባጎው ላይ አቁመህ በመኪናው መስመር አስኪደው። ካልነካ ግቡ። ያ ድልድይ የተሠራው ከላይ የሚሄድ ሰው እንዲሸከም ነው፤ ከጎን በብረት ሲመታ እንዲቋቋም አልተሠራም። ስለዚህ ሎቤዱ ከስሩ ሲያልፍ ላዩ ላይ አንድም ሰው አይኑር፤ ሁለቱንም በር ዝጉ። አንድ ሰው ጎን ለጎን መሰላል ላይ ሆኖ ክፍተቱን በዓይኑ ይከታተል፤ ከመኪናው መንገድ ይራቅ። «ቁም» የሚለው እሱ ብቻ ይሁን። ሹፌሩ የሚሰሙት የእሱን ድምፅ ብቻ ይሁን፤ አሥር ሰው «ና፣ ና» ሲል ነው ነገር የሚበላሸው።

አጣናው ከነካ ደግሞ አትታገሉ። ሲሎው ሦስት ቶን ነው። ከድልድዩ ወዲህ በክሬን አውርዱትና ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ ባለ ጋሪ ላይ ጭናችሁ በቀስታ ሳቡት። ጋሪውን ወርክሾፕህ ውስጥ ራስህ መሥራት ትችላለህ። ጋሪው አጭር ከሆነ ጎድጓዳው ላይም ብዙ አይነሳም። ወይም ድልድዩ በብሎን የታሰረ ከሆነ ደንበኛህ ያንን ክፍል ለግማሽ ቀን እንዲያወርዱት ጠይቅ። ለሚቀጥለው ሲሎ ደግሞ የማንሆሉን አንገት በፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር የብረት ጠርዝ) ሥራው፤ ሲሎው ቦታው ከደረሰ በኋላ በብሎን ግጠመው።